ኦርሲዬራ የሚለው ስም

ኤቫዚዮ ክራቬሮ በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው ሰው መትቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን፣ ቱሪን ፍርድ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠበቃ ማልቬትሲ ሰማያዊውን አቃፊ ከፍቶ አሥራ አንዱን ደብዳቤ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድር፣ ቀኝ እጁ ሳያዘው ቡጢ ሆነ። ችግሩ ማንን እንደሚመታ አለማወቁ ነበር። ጠበቃውን ነው ወይስ ደብዳቤዎቹን የጻፈውን? ደብዳቤዎቹን የጻፈው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ልጁ ኢላሪያ አጠገቡ ተቀምጣለች። ወደ እሱ አልዞረችም። የእጅ ጽሑፉን ግን ከሩቅ አውቃዋለች፤ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል፣ ልጅ ሳለች የትምህርት ቤት ደብተሯ ላይ "አይቼዋለሁ" እያለ ይፈርምበት የነበረው ፊደል።

ነገሩን ከሥሩ ያላወቀ ሰው ቁጣውንም አያውቀውም። ኦርሲዬራ ቪላርቦና ከተማ ውስጥ ስልሳ ዓመት የተሠራች መኪና ናት። ስሟን ያገኘችው ከከተማው ጀርባ ከቆመው ተራራ ነው። በደጉ ዘመን የሸለቆው ሐኪም ይነዳት ነበር፤ ውል አዋዋዩም፣ ጳጳሱም። ሀብታም ሆኖ ሀብታም መምሰልን የሚያፍር ሰው መኪና ነበረች። ኋላ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ትንንሾቹን እየዋጡ መጡ፤ ኦርሲዬራም ተዋጠች፤ የዋጣትም ሆዱን ቆረጠው መሰል መልሶ ተፋት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የፋብሪካው በር ሲዘጋ ማሽኑ ለብቻ ተሸጠ፣ መሬቱ ለብቻ ተሸጠ፣ ስሙም ለብቻው ተሸጠ።

"ሰው ሲሞት ልብሱ ለድሃ ይሰጣል፤ የሞተን ሰው ስም አውልቆ የሸጠ ግን ዛሬ ገና አየሁ" ብሎ ነበር ያን ጊዜ ሴኮንዶ ባርባ፣ የኤቫዚዮ የዕድሜ ልክ ጓደኛ።

ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በመጨረሻ ሚላን የተቀመጡ፣ በዕድሜያቸው አንድ ብሎን ፈትተው የማያውቁ ሰዎች እጅ ገባ። የቪላርቦና ሰው "ባለስሞቹ" ይላቸዋል። ባለስሞቹም ሆኑ ከእነሱ በፊት የነበሩት መኪና አልሠሩም። የሚሠሩት ትንሣኤ ነው። በየአምስት፣ በየስድስት ዓመቱ "ኦርሲዬራ ተመለሰች!" ይባላል። የማርሽ ባንዱ ይወጣል፤ ከንቲባው ባለሦስት ቀለም መቀነቱን ይታጠቃል፤ አደባባዩ መሃል በሐር ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ይቆማል። ጨርቁ ሲገፈፍ የጭቃ ቅርጽ ነው፤ ቀለም የተቀባ፣ ጎማ የተገጠመለት፣ ሞተር የሌለው። ፎቶ ይነሣል፤ ጋዜጣ ይጽፋል፤ የስሙ ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅርጹ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሄዳል። አልዓዛር እንኳ የተነሣው አንዴ ነው፤ ኦርሲዬራ አራት ጊዜ ተነሥታለች። በመጀመሪያው ትንሣኤ ኤቫዚዮ አልቅሷል፤ ሚስቱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ መሐረቧን አውጥታ ሰጠችው። በአራተኛው፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ዝናብ ስለነበረ ከቤቱም አልወጣ።

እውነተኛዋን መኪና በነፍስ ያቆዩአት አሥራ አራት ጡረተኞች ናቸው። በአሮጌው የአውቶቡስ ጋራዥ አንድ ጥግ የብረት መያዣ ሞርሳቸውንና መብሻ ትራፓኗቸውን ተክለው፣ ከኖርዌይ እስከ ፖርቱጋል ለቀሩት ጥቂት ሺህ ኦርሲዬራዎች መለዋወጫ ይሠራሉ። የበር ጎማ፣ ማጠፊያ፣ ሴኮንዶ በማርቴሎ ቀጥቅጦ የሚያወጣው የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ፣ ኖርማ የምትሰፋው የወንበር ልብስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሞተሩ መክደኛ ኮፈኖ ላይ የሚለጠፈው የኒኬል ምልክት፤ "ኦርሲዬራ" የሚል ስም በተራራ ቅርጽ ሥር።

የእነዚህ ሰዎች አለቃ ኤቫዚዮ ነው። በፋብሪካው የበር መስመር አለቃ ስለነበረ ዛሬም "አለቃ" ይሉታል። በኦርሲዬራ ግቢ ደግሞ የመውጫ ወረቀት የሚባል ሕግ ነበር። ከበሩ የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ለምድጃ የሚሆን ስባሪ ጣውላ ሳይቀር፣ አለቃ የፈረመበት ወረቀት ይዞ ነው የሚወጣው። ሌላ ቦታ ያለ ሠራተኛ ይህን እንደ ስድብ ይቆጥረው ይሆናል። የቪላርቦና ሰው ኮራበት። ዘበኛው ሳይጠይቃቸው ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ ይወጡ ነበር። ሴኮንዶ አንድ ማታ ኪሱ ውስጥ የቀረች የብሎን ዳዶ ቤቱ ደርሶ ቢያገኝ፣ በበረዶ አራት ኪሎሜትር ተመልሶ አስረክቧል፤ ሚስቱ አበደብኝ ብላ ለቄሱ ነገረች።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ያረጀ ሰው ነው የመኪናዋን ስም በኒኬል ላይ ሊቀርጽ ሲነሣ እጁ እምቢ ያለው። ስሙ የሰው ነው። የሰው ነገር ያለ ወረቀት አይወጣም። ስለዚህ ባለስሞቹ ስሙን ከገዙ ጀምሮ፣ በየዓመቱ ጥር ሲገባ ደብዳቤ ጻፈ። "በታላቅ አክብሮት፣ በዚህም ዓመት ስሙን በምንሠራው ዕቃ ላይ እንድናደርግ ይፈቀድልን ዘንድ እንጠይቃለን።" እንደ ደንበኛ አለቃም የዓመቱን ሪፖርት አከለበት፤ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ። ለማንም አልነገረም። ወረቀት የአለቃ ሥራ ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበር፦ "ተፈቅዷል።"

ኢላሪያ ይህን አታውቅም ነበር። ሃያ ዓመት ጀርመን አገር ለሰው ፋብሪካ መኪና ስትነድፍ ኖራ፣ በአርባ አራት ዓመቷ ተመልሳ ስትመጣ በሻንጣዋ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። ትንሽ፣ ቀላል፣ በባትሪ የምትሄድ ኦርሲዬራ፤ ላሜራዋ እዚሁ የሚቀጠቀጥ፣ ወንበሯ እዚሁ የሚሰፋ። ለመጀመሪያው ዓመት አርባ ሠራተኛ። ሽማግሌዎቹ እጃቸው ሳይደርቅ ለወጣቶቹ ያስተምራሉ። ከንቲባው ጋራዡን በሙሉ ሊሰጥ ተስማማ፤ ግን አንድ ነገር አለ፦ "ስሙን አምጪ። ያለ ስሙ ማንም አይገዛሽም፣ ምክር ቤቱም እሺ አይለኝም።" ኢላሪያ ሕጉን አገላብጣ አገኘችው። ባለቤቱ አምስት ዓመት ሙሉ ያልሠራበት ስም ከእጁ ይወጣል። ባለስሞቹ ደግሞ ከጭቃ በቀር ምን ሠርተዋል? ከሰሰቻቸው።

እና ያ ሰማያዊ አቃፊ ተከፈተ።

"ክብርት ዳኛ" አለ ማልቬትሲ፤ ድምፁ ቅቤ የተቀባ ነው። "ከሳሾች 'ስሙን ጥላችሁታል' ይሉናል። እኛ ግን በየዓመቱ ሠርተንበታል። በማን እጅ? በእነዚህ በተከበሩ አባቶች እጅ። አንድ ሰው ያለ ፈቃድ ቢሠራበት ለባለቤቱ አይቆጠርለትም፤ እውነት ነው። እነሱ ግን ፈቃድ ጠይቀዋል፤ እኛም ፈቅደናል። ሕጉ በባለቤቱ ፈቃድ የተሠራን ባለቤቱ እንደሠራው ይቆጥረዋል።" ከዚያ ወደ ኤቫዚዮ ዞሮ በአክብሮት ጎንበስ አለ። "በእውነቱ፣ አቶ ክራቬሮ፣ እርስዎ ባይኖሩ ስሙ ዛሬ በእጃችን አይኖርም ነበር።"

ምስጋናው ነው የከፋው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ወደ ቪላርቦና ሲመለሱ የምትነዳው ኢላሪያ ነበረች። የሸለቆው አፍ ጋ ሲደርሱ ፈነዳች።

"አባዬ፣ ማን ጠየቀህ?"

"ማንም።"

"ማንም! እነሱ እንኳ አልጠየቁህም! ስሙ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ሻግቶ ነበር፤ አንተ በየዓመቱ ጥር እየሄድክ አቧራውን ታራግፍላቸዋለህ!"

"የሰው ነገር ነው ብዬ ነው።"

"የማን ሰው? ሠላሳ አራት ዓመት በር የገጠምከው አንተ! ጀርባህን ያጎበጥከው አንተ! ቆይ፣ ሌባ ቤትህ ቢገባ 'ይግቡ፣ መብራቱ እዚህ ጋ ነው' ትለዋለህ?"

"አልሰረቁም፤ ገዙ። የገዛ ባለቤት ነው።"

"እሺ! ይህንንም ጽፈህ ላክላቸው! ቴምብሩን እኔ እገዛልሃለሁ!"

ኤቫዚዮ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ጎንበስ ያለው የማልቬትሲ አንገት፣ ያ የተላጨ ንጹሕ አንገት፣ ከዓይኑ አልጠፋ አለው።

ቅዳሜ ጡረተኞቹ ኳስ ከሚያንከባልሉበት ክበብ ሲገባ ወሬው ቀድሞታል። ሴኮንዶ ወይኑን ይዞ ይጠብቀዋል። ሴኮንዶ ሃምሳ ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ስለደነቆረ፣ ምሥጢርም ቢያወራ ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

"አሥራ አንድ?" አለ። "አሥራ አንድ ደብዳቤ? አንተ ሰው፣ ለሚስትህ ስንት ጽፈህላታል?"

"አንድ።"

"በለው! እነሱን ብታገባ ኖሮ ይሻልህ ነበር!"

የሳቀ ሳቀ፤ ያልሳቀም ነበር። ኖርማ መርፌ በለመደ ጣቷ ጠረጴዛውን እየቆረቆረች፣ "አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ለአንዲት ዳዶ በበረዶ የሄደው ማን ሆነና ነው!" አለችው።

"እኔ የመለስኩት ዳዶ ነው! እሱ ፋብሪካውን መለሰላቸው!"

ከዚህ በኋላ የሳቀ የለም። አንድ የቀለም ክፍል ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ "የልጅ ልጄን እዚያ ጋራዥ ትቀጠራለች ብዬ ከሆቴል ሥራዋ አስወጥቻታለሁ፣ አለቃ" አለና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሴኮንዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ንዴቴን ለማን እንደምሰጥ ጠፋኝ እንጂ ላንተ አልነበረም!" ብሎ ጮኸ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ኢላሪያ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ፖሌንታው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ድስቱ ውስጥ ደርቋል፤ ኤቫዚዮ አልበላም። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ጠበቃችንን አነጋገርኳት። አንድ ቀዳዳ አለ።"

"ምን ቀዳዳ?"

"ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው ለጠያቂው ሲደርስ ነው። እነሱ የያዙት የመልሳቸውን ቅጂ ነው፤ መላካቸውን የሚያስረዳ ደረሰኝ የላቸውም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳኛዋ 'መልሱ ደርሶዎታል ወይ?' ብላ ትጠይቅሃለች። ጠበቃችን ይህን በል አላለችም። እኔ ነኝ የምልህ። 'አልደረሰኝም' ትላለህ። አንዲት ቃል ናት፣ አባዬ።"

"ደርሶኛል እኮ።"

"የት ነው ያለው?"

የጎን ሣጥኑን በዓይኑ አሳያት። ሌላ ሰው ቢሆን ባላሳየ። ኢላሪያ ተነሥታ ሣጥኑን ሳበች፤ አሥራ አንዱም በየዓመታቸው ተደርድረው በክሊፕ ተይዘዋል። አነሣቻቸውና የምድጃውን በር በእግሯ ከፈተች። የእሳቱ ወላፈን ፊቷን አቀላው፤ እናቷን መሰለች።

"አርባ ሰው፣ አባዬ። አርባ እንጀራ። አንድ ወረቀት እሳት ሲገባ ማን ይጎዳል? እነሱ? እነሱ እኮ አንተን በእውነትህ ነው የገደሉህ!"

"አምጪው።"

"አባዬ..."

"አምጪው አልኩ!" ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ልጁ ላይ ጮኾ አያውቅም። ወረቀቱን ከእጇ ነጠቀ፤ አንዱ ጥግ ተቀደደ። "ስሙን ወሰዱ። ፋብሪካውን ወሰዱ። አሁን ደግሞ ለእነሱ ብዬ ውሸታም ልሁን? የቀረችኝን አፌን ልጨምርላቸው?"

"ለእነሱ አይደለም! ለእኔ ነው!"

ይህች ቃል ዒላማዋን መታች። ኤቫዚዮ ተቀመጠ። ኢላሪያ ምድጃውን ዘግታ፣ ደህና ዋልም ሳትለው ወጣች። ሲመሽ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ የሱን ቅጂ ከመልሱ ጋር እያስተያየ። እስከዚያ ቀን ድረስ መልሶቹን ያያቸው እንደ ፈቃድ ብቻ ነበር። እንደ መልስ አንብቧቸው አያውቅም።

በቀጠሮው ቀን አሥራ አራቱም ቱሪን ወረዱ። ሴኮንዶ የሠርግ ኮቱን ለብሷል፤ ቁልፉ አይገጥምም። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ኤቫዚዮን አየችው።

"አቶ ክራቬሮ፣ ከተከሳሾቹ የተጻፈው ፈቃድ ደርሶዎታል?"

ኢላሪያ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ታያለች። ኤቫዚዮ የምስክር መቆሚያውን ጨበጠ።

"ደርሶኛል። አሥራ አንዱም።"

ከኋላ አንድ ሰው ትንፋሹን ለቀቀ። ማልቬትሲ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተ፤ ሥራው አልቋል።

"የሚጨምሩት አለ?" አለች ዳኛዋ፣ ለአክብሮት ያህል።

"አለኝ። የእኔን ደብዳቤ አነበቡልኝ፤ ግን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው ያነበቡት። የቀረውን እኔ ልናገር። ስጀምር ሃያ ሁለት ሰው ነበርን። በሦስተኛው ዓመት 'ጓልቲዬሮ ሞተ፤ ከእሱ በቀር ማጠፊያውን የሚበይድ ሰው የለንም፣ ምን እናድርግ?' ብዬ ጻፍኩ። መልሱ 'ተፈቅዷል' ይላል። በስድስተኛው ዓመት 'የጋራዡ ጣሪያ ያፈሳል፣ የቅርጽ ማውጫ ብረቱ ዝገት ያዘ' አልኩ። 'ተፈቅዷል።' ያለፈው ጥር 'ስምንት ሰው ቀብረናል፤ ወጣት ካላስተማርን እጃችን አብሮን መቃብር ይገባል' ብዬ ጻፍኩ።" ወደ ማልቬትሲ ዞረ። "እርስዎ ነዎት የፈረሙት። ስምንት ሰው ሞተ ብዬ ጽፌ 'ተፈቅዷል' አሉኝ!"

"አቶ ክራቬሮ፣ ድምፅዎን..." አለች ዳኛዋ።

"ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ። እኔ ፈቃድ የጠየቅሁት ከወዲያ ማዶ ሰው ያለ መስሎኝ ነው። ግድግዳ መሆኑን ባውቅ አልጠይቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አልጠይቅም። ሳልጠይቅ ደግሞ አልሠራም፤ እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁ፣ ምን ላድርግ። ስለዚህ ኦርሲዬራ የሚል ስም ያለበት ዕቃ፣ ዳዶም ብትሆን፣ ከእኛ እጅ አይወጣም። ሕጉ አምስት ዓመት ነው አይደል? ከዛሬ ይቆጠር።"

ማልቬትሲ እስክሪብቶውን መልሶ አወጣ። ምንም ግን አልጻፈም።

ፍርዱ ከገና በፊት ወጣ። ስሙ የባለስሞቹ ነው። ከንቲባው እንዳለውም የጋራዡን ትልቁን ክፍል ለዕቃ ማከማቻ አከራየው። ኢላሪያ ለቀድሞ አሠሪዎቿ ስልክ ደወለች፤ ቦታዋ ባዶ ነበር። በጣቢያው አባቷ ሻንጣዋን ሊያነሣላት ሲጎነበስ ቀደመችው።

"አምስት ዓመት ነው፣ ልጄ" አላት። "ሰባ ስድስት ይሆነኛል። እናቴ የሞተችው በዘጠና አራቷ ነው።"

"እኔም ያን ጊዜ ሃምሳ ይሆነኛል" አለች። "ሰዉ ሁሉ አባትሽ እንዴት ያለ ቅን ሰው ነው ይለኛል፣ አባዬ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ልኮራብህ አልቻልኩም። አትቀየመኝ።"

ሳመችው፤ ግን ቶሎ ነው የሳመችው። ባቡሩ ሄደ።

ጋራዡ ጥግ ላይ የስሙ ማተሚያ ብረት ሞርሳ ውስጥ ታሰረና ፊደሉ በሞረድ ተፋቀ። ሴኮንዶ ነው የፋቀው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። እየፋቀ ይሰድብ ነበር፤ ሚላንን ሰደበ፣ ሐር ጨርቅ ሰደበ፣ ማርሽ ባንዱን ሰደበ፣ ነጋሪት መቺው የእህቱ ልጅ መሆኑ ትዝ ሲለው ብቻ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ተራራ ብቻ ሆነ፤ ሥሩ ባዶ። ደንበኞቹ አኮረፉ። አንድ የሆላንድ የጥርስ ሐኪም "ስም የሌለው ምልክት ለምኔ?" ብሎ መለሰው። ትእዛዙ በግማሽ ወረደ። ሁለት ሰዎች "ለግትርነት ዕድሜያችን አይበቃም" ብለው ቀሩ፤ አንዱ የቀለም ክፍሉ ሰው ነው። ኤቫዚዮ አልለመናቸውም። አሥራ ሁለት ቀሩ።

ጥር አልቆ የካቲት ሊገባ ሲል፣ በረዶው ጉልበት ድረስ በደረሰበት ጠዋት፣ ማልቬትሲ ራሱ መጣ። ጫማው የከተማ ጫማ ነው። ኤቫዚዮ የበር ጎማ እየቆረጠ ነበር፤ ቢላውን አላስቀመጠም።

"የዘንድሮው ደብዳቤ ዘገየብን" አለ ማልቬትሲ ፈገግ ብሎ። "ታመው እንደሆነ ብለን ተጨነቅን።"

"ደህና ነኝ።"

"እንግዲያው እኛው ቀደምን።" ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ማኅተም አለበት። "የዘንድሮን ብቻ አይደለም፤ የአሥር ዓመት። መጠየቅም አያስፈልግዎትም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ስሙን የሚፈልግ ገዢ አለ፤ ትልቅ ሰው ነው። ስሙ በሥራ ላይ መሆኑን ማየት ይፈልጋል። በጸደይ አደባባዩ ላይ ትልቅ በዓል እናደርጋለን፤ እናንተም የድሮውን ሰማያዊ ቱታ ለብሳችሁ..."

"ምን አለ?" ብሎ ጮኸ ሴኮንዶ ከማዶ።

"ለትንሣኤ ጠራን!" አለችው ኖርማ።

"አምስተኛው ነው?"

"አምስተኛው!"

"በጭቃ ነው ዘንድሮም ወይስ በእንጨት?"

ማልቬትሲ ፈገግታውን እንደያዘ፣ "ገዢው እዚሁ ቪላርቦና ይሠራ ይሆናል" አለ። "ልጅዎም ተመልሳ... ማን ያውቃል። ምናልባት።"

ኤቫዚዮ ቢላውን አስቀመጠ። ልጁ በዚያ አፍ እንድትጠራ አልፈለገም። ወረቀቱን በአንድ ጣቱ ገፍቶ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አደረሰው።

"ይሥራ" አለ። "አንድ መኪና ይሥራ። ሞተር ያለው፣ ሰው የሚገባበት፣ በሩ የሚዘጋ። በዚህ በረዶ ነድቶ ይምጣ። ያን ቀን ፊደሉን በዚህ እጄ መልሼ እቀርጽለታለሁ፤ ደሞዝ አልጠይቅም። እስከዚያ ግን፣ ጠበቃ፣ እኔ አልጠየቅሁም። ያልጠየቀን ሰው እንዴት ነው የሚፈቀድለት?"

"አቶ ክራቬሮ፣ ስሜታዊ አይሁኑ። ስሙ እኮ ለእናንተም..."

"ውጣልኝ።"

አንተ አለው። በቪላርቦና አለቃ ኤቫዚዮ ለውሻ እንኳ "እርስዎ" ይላል ብለው ይቀልዱበት ነበር። ማልቬትሲ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ጫፍ አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ወጣ።

መኪናው ግን አልወጣም። ያማረ፣ ሰፊ፣ የኪራይ መኪና ነው፤ ጎማው በረዶው ውስጥ እየተሽከረከረ ይጮኻል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ሞከረ። ከመስኮቱ ውስጥ አሥራ ሁለቱም ያዩታል።

"ይደር" አለ ሴኮንዶ። "እስከ ፋሲካ ይደር።"

"እንዲህ ከቆየ ተመልሶ ይገባል" አለች ኖርማ። "ሻይ ልንሰጠው ነው።"

ኤቫዚዮ ይህን ሲሰማ ጓንቱን ሳይፈልግ ወጣ። የቀሩትም ተከተሉት። ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ትከሻቸውን ከመኪናው ኋላ አስደግፈው፣ እየተሳደቡ፣ እያሳሉ፣ እግራቸው እየተንሸራተተ ገፉት። ማልቬትሲ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "እግዜር ይስጥልኝ!" አለ።

"ዝም ብለህ ንዳ!" አለው ሴኮንዶ።

መኪናው ተንቀጥቅጦ ወጣና በመታጠፊያው ጠፋ። ኤቫዚዮ ወደ ውስጥ ሲገባ ጣቶቹ በድን ሆነዋል፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ ቁጣው ግን አልበረደም። ጀምሮት የነበረውን የበር ጎማ አየው፤ አቆራረጡ ጠሟል። ወደ ጥግ ወረወረውና ሌላ ለካ።